መኪና አልሆን ያለው ሮቦት

— ሄሎ?... ምስጋኑ! እንደምን ዋልክ ወንድሜ?... እኔ ነኝ፣ አለሜ። አባባማ እደጅ ናቸው፣ ፀሐይ ላይ።... ሄሎ? ትሰማኛለህ?... ቆይ፣ ወደ በሩ ልጠጋ።... አሁንስ?... እሺ።

— ስለላክኸው መጫወቻ ሮቦት?... «መኪና አደረግሁት» አሉህ?... እሑድ ሲደውሉልህ ሰምቻለሁ።... ደስታህ ገብቶኛል። ግን... አትቆጣኝ እንጂ አንድ ነገር ልንገርህ።

— እኔ ነኝ።... መኪና ያደረግሁት እኔ ነኝ!

— እንዴት ልበልህ... ሐኪሙ የሰነፈውን እጃቸውን ያሠሩት ካለ ጀምሮ ጧት ማታ ሮቦቱን ይዘው ይቀመጣሉ። እግሩን ያጥፋሉ፣ ደረቱን ይከፍታሉ፣ ትከሻው ላይ ሲደርሱ አውራ ጣታቸው እምቢ ይላል።... ኧረ ለእኔም ከብዶኛል! ሃያ ሁለት ጊዜ ነው የሚታጠፈው። አንዷን ከሳትክ ጎማው ጀርባው ላይ ይቀራል፤ ሰውም አይሆን፣ መኪናም አይሆን።... ካርቶኑ ላይ ያለው ስምንት ቁጥር ምንድነው አሉኝ። እኔም አፌ አያርፍ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ይችለዋል ማለት ነው አልኳቸው። አርባ ዓመት ሙሉ መስቀል ለቀረጸ ሰው!

— አዎ፣ ቀላሉ ይሻል ነበር። ያ ሦስቴ ታጥፎ የሚያልቀው።... ይንቁታል ብለህ?... እሱስ እውነትህን ነው።

— እና ቅዳሜ ሸለብ ሲያደርጋቸው የቀረውን አጠፍኩላቸው። ሲነቁ መኪና ሆኖ አገኙት። «ሳልተኛ ጨርሼው ኖሯል!» ብለው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ በምን አፌ እኔ ነኝ ልበል?... ከአሸተን ገዳም ለወረዱት ለአባ ከፋለ ሳይቀር አሳዩ። ለአንተም ደወሉ።

— ዛሬ ጧት ያዙኝ።... እጅ ከፍንጅ! መልሰው ፈትተውት ሸለብ ሲያደርጋቸው፣ ደግሜ ሳጥፍላቸው ዓይናቸውን ገለጡ።... አልጮሁም። ቢጮሁ በተሻለኝ። «ልጄ፣ እንደ ሕፃን ታባብይኛለሽ?» አሉና ከእጄ ወስደውት ወጡ። ምሳም አልቀመሱ።

— ምን?... አታለልኳቸው?... እንደሱማ አትበል። አንተ አዲስ አበባ ሆነህ ነው። ያ እጅ አልታዘዝ ሲላቸው አጠገባቸው ተቀምጠህ፣ እያየህ፣ ዝም ትል ነበር?... ትል ነበር ወይ?... እንጃ ነው የምትለው?... ይሁን፣ እኔም እንጃ።

— አቤት አባባ!... ምን ልያዝልዎ?... መጣሁ፣ መጣሁ!

— ምስጋኑ፣ ጠሩኝ። «ትከሻውን ያዥልኝ፤ የማጥፈው እኔ ነኝ፤ አንዲት ጣት እንዳትጨምሪ» ይላሉ።... ኧረ ምን ታርቀውኝ! ፊታቸውንም አላዞሩ፣ ሮቦቱን ብቻ ወደ እኔ ዘርግተዋል።... ልዝጋው በቃ፣ ሁለቱም እጄ ያስፈልጋል።... ቢሆንም ባይሆንም ራሳቸው ይነግሩሃል። እኔን እንዳትጠይቀኝ።... እሺ። ደኅና ዋል።