ሪባኑ ያልተቆረጠላት መኪና

አንዲት የቆላ ከተማ፣ ረፋድ ላይ፤ የፊዚክስ መምህርቷ ስኂን በፖሊስ ጣቢያው አዛዥ በኢንስፔክተር ደምሰው ጠረጴዛ ፊት ቆማለች፤ በመስኮቱ በኩል በቀይ ሪባን የታሰረች አዲስ የፖሊስ መኪና ትታያለች፤ ከግቢው ሞንታርቦ ሙዚቃ ይጮኻል።

ደምሰው፦ አይሆንም አላልኩም እኮ፣ እትዬ ስኂን። አሁን አይሆንም ነው ያልኩት።

ስኂን፦ ልዩነቱ ላንተ ነው። ለልጄ ለረድኤት ልዩነት የለውም።

ደምሰው፦ እባክዎ መጀመሪያ ይቀመጡ።

ስኂን፦ ከተቀመጥኩ የምነሳ አይመስለኝም። ስማኝ ደምሰው። ልጄ ጤና ጣቢያ ተኝታለች። ምጥ የያዛት ትናንት ነው። ልጁ በጎን ተጋድሟል። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ደም ጀመራት። አዋላጇ ሲስተር ወርቄ እጇን ታጥባ ወጣችና፣ «እኔ የምችለው እዚህ ድረስ ነው፤ ሆስፒታል ካልደረሰች…» አለች። እስክትጨርሰው አልጠበቅኩም፤ መጣሁ።

ደምሰው፦ አምቡላንሱስ?

ስኂን፦ ሌላ ወላድ ይዞ እንደወጣ አልተመለሰም።

ደምሰው፦ የነጋዴዎቹ መኪናዎችስ? የወፍጮ ቤቱ ፒክአፕ?

ስኂን፦ ጠዋት በሞንታርቦ «መኪና ያለው ሁሉ እንግዳችንን ለመቀበል ይውጣ» ያስባልከው አንተ አይደለህም እንዴ? ሁሉም ወጣ። አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ የወፍጮ ቤቱ ፒክአፕ። የጣቢያው አሮጌ መኪና ሳይቀር አበባ ተለጥፎባት እታች በረሃው አፍ ድረስ ወርዳለች። እዚያ ደግሞ ስልክ አይሠራም። ባጃጅ ዳገቱን አይወጣም። ከተማው ውስጥ የቀረችው ያቺ ናት። ባለ ሪባኗ።

ደምሰው፦ መኪናዋን የሚመርቁት እንግዳ ሲመጡ ሁሉም አብሮ ይመለሳል እኮ። ሦስት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ ተብሏል።

ስኂን፦ አሁን ስንት ሰዓት ነው?

ደምሰው፦ አራት ተኩል።

ስኂን፦ እኔ ያረፈደ ተማሪ ከበር እመልሳለሁ።

ደምሰው፦ ትልቅ ሰው ናቸው እትዬ። መንገድም ነው።

ስኂን፦ የረድኤትም መንገድ ነው። ዳገቱን ጨርሳ ሆስፒታል መድረስ አለባት። በቃሬዛ ቢወጡ ይመሽባቸዋል። እስኪመሽ ደግሞ የሚቆይ ነገር የለም።

ደምሰው፦ መኪናዋ የኔ ብትሆን እስካሁን እዚህ ቆመን እናወራ ነበር? ገና የጣቢያውም አይደለችም። ሪባኑ ሲቆረጥ፣ ቁልፉን በእጃቸው ሲሰጡን፣ ያኔ ነው የኛ የምትሆነው። እስከዚያ አደራ ናት። የወንበሮቹን ላስቲክ እንኳ አላነሳንም።

ስኂን፦ ጥሩ አደረጋችሁ። ደም ላስቲክ ላይ ቶሎ ይጠረጋል።

ደምሰው፦ እንዲህ አይበሉኝ እንጂ።

ስኂን፦ ምን ልበልህ?

ደምሰው፦ ስንት ጊዜ እንደጠበቅናት እርስዎ ያውቃሉ። ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ ሲባል…

ስኂን፦ አውቃለሁ እንጂ። ፎቶዋን ለከተማው ሁሉ አሳይተህ የለም? እኔንም ገበያ መሀል አስቁመህ፣ «ይኸውልዎ፣ አዲሱ ቅርጿ ነው፤ የድሮዋን አትመስልም፤ ግማሽ በቤንዚን፣ ግማሽ በኤሌክትሪክ፤ ለፖሊስም ለቤተሰብም ትሆናለች» አልከኝ። ሽንኩርቴን ይዤ ቆሜ ሰማሁህ። የኋላ ወንበሯ ተጣጥፎ ሰው እንደሚያስተኛ የነገርከኝም አንተ ነህ።

ደምሰው፦ ብዬ ነበር።

ስኂን፦ ክፍል ገብቼም አስተማርኩባት። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዝ የሚባክነውን ጉልበት ለባትሪዋ መልሳ ታጠራቅማለች አልኳቸው። አንዱ ተነሥቶ፣ «ቲቸር፣ በመውረድ የሚገኝ ጉልበት ካለ እኛ ሠፈር ሁሉም ጀግና ነው» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ደስ ብሎኝ ነበር ደምሰው። መጣች ሲባል ደስ ብሎኝ ነበር።

ደምሰው፦ የጎረቤት ወረዳውን አዛዥ አላወቁትም? ሳይመረቅ ሞተር ሳይክል አስነሥቶ ጠርዙን አስጫረ። ተጫረ እንጂ አልተሰበረም። ዛሬ እህል መጋዘን ይጠብቃል። እኔ አራት ልጆች አሉኝ።

ስኂን፦ እኔ አንድ።

ደምሰው፦ አራቱም የኔን እጅ ነው የሚያዩት።

ስኂን፦ ቆጥረህ ጨረስክ?

ደምሰው፦ ጋሼ ገብረየስ ቢኖሩ ኖሮ እኮ…

ስኂን፦ እሱን እዚህ አታምጣው።

ደምሰው፦ እዚችው ወንበር ላይ ነበር የተቀመጡት። ባለቤትዎ ብቻ አልነበሩም፤ የኔም አለቃ ነበሩ። ሥራ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸውም ቢሆኑ ደንብ ሲሆን…

ስኂን፦ ደምሰው። አታምጣው አልኩህ። ስገባ ኮቱን የሚሰቅልበትን ምስማር እንኳ ላለማየት ነው ፊቴን ወደ መስኮቱ ያዞርኩት።

ደምሰው፦ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያን ዕለት፣ ልባቸውን ያማቸው ዕለት፣ አሮጌዋ ተበላሽታ ባትቆም ኖሮ ብዬ ነው…

ስኂን፦ ለቅሶ ላይ አላችሁኝ። ድንኳኑ ውስጥ ተሰልፋችሁ ተቀምጣችሁ፣ «አዲስ መኪና ተጠይቋል፤ ከእንግዲህ በዚህ ከተማ መኪና አጥቶ የሚሞት ሰው አይኖርም» አላችሁኝ። እሺ አልኩ። ንፍሮ አቀረብኩላችሁ። ከዚያ ወዲህ አንተ መኪና ስትጠብቅ፣ እኔ ደግሞ ያላችሁኝን ስጠብቅ ኖርን። ይኸው መጣች። ታጥባ፣ ሪባን ታስሮላት ቆማለች። በጣም ታምራለች።

ደምሰው፦ ቆይ እስቲ ልደውል። አጀቡ ወጣ ብሎ ኔትወርክ አግኝቶ ከሆነ አስፈቅዳለሁ። እሳቸው በአፋቸው እሺ ካሉኝ ችግር የለም… ይጠራል… አይ። «አሁን ማግኘት አይችሉም» ትላለች።

ስኂን፦ እሷ ሴትዮ ብቻ ናት እዚህ አገር ከሥራ ገበታዋ የማትጠፋው።

ደምሰው፦ ደግሜ ልሞክር።

ስኂን፦ ሞክር። እየሞከርክ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ከጤና ጣቢያው ስወጣ፣ «መኪናው ተፈቅዷል፤ ቃሬዛ ላይ አድርጉና ወደ ፖሊስ ጣቢያ አምጡልኝ» ብያቸው ነው የወጣሁት።

ደምሰው፦ ማን ፈቀደ?

ስኂን፦ ማንም።

ደምሰው፦ እትዬ ስኂን! እርስዎ ይዋሻሉ?

ስኂን፦ ዛሬ ጀመርኩ። ጎረቤቶቼ ተሸክመዋታል፤ አሁን ገበያውን ሳያልፉ አይቀሩም። ግቢው ሲገቡ ወይ የመኪናዋን በር ተከፍቶ ያገኙታል፣ ወይ አንተ ደረጃው ላይ ቆመህ «አሁን አይሆንም ነው ያልኩት» ትላቸዋለህ። እኔ አልነግራቸውም። አፌ አይችልም።

ደምሰው፦ አትሄድም።

ስኂን፦ ምን አልክ?

ደምሰው፦ መኪናዋ። እሺ ብልዎትም አትሄድም። ቤንዚን የላትም።

ስኂን፦ ከአዲስ አበባ ድረስ ተነድታ አይደለም የመጣችው?

ደምሰው፦ ነበራት። ጠዋት መብራት ጠፋ። ሞንታርቦው በጄኔሬተር ይሁን ተባለ፣ ለጄኔሬተሩ ቤንዚን ከየት ይምጣ? ማደያው ከደረቀ ሰነበተ። ልጆቹ፣ «ይቺ በኤሌክትሪክ ነው የምትሄደው፤ ቤንዚን ምን ያደርግላታል?» አሉኝ። በላስቲክ ቱቦ ስበው አወጡት።

ስኂን፦ አንተም እሺ አልክ።

ደምሰው፦ ባትሪዋ ሙሉ ነው ይላል እኮ፣ ስክሪኗ ላይ። እንግዳው ሲመጡ በባትሪ ግቢውን አንድ ዙር ታዞራቸዋለች፤ ድምፅ የላትም፤ ሰው ይደነቃል፣ ያጨበጭባል። ከዚያ ከሶኬት እንሞላታለን ብለን…

ስኂን፦ ደምሰው፣ ሶኬት የላትም። ባትሪዋ ትንሽ ናት፤ የሚሞላት የቤንዚኑ ሞተር ነው። ሞተሩ ካልተነሣ ከመስጊዱ መታጠፊያ አታልፍም። ዳገቱን ተወው።

ደምሰው፦ አላወቅንም።

ስኂን፦ ትጠይቁኝ ነበር። የትምህርት ቤታችንን ግቢ ከግቢያችሁ አጥር ብቻ ነው የሚለየው።

ደምሰው፦ ማን ያስባል እንደዚህ ዓይነት…

ስኂን፦ ስለዚህ ይሄ ከገባሁ ጀምሮ ጆሮዬን የሚያደነቁረኝ ሙዚቃ የሷ ቤንዚን ነው። የልጄ መንገድ ነው እዚያ ውጭ እየዘፈነ ያለው።

ደምሰው፦ እባክዎ እትዬ።

ስኂን፦ ስንት ቀርቷል?

ደምሰው፦ ጀሪካኑ ከግማሽ በላይ አለው። ጄኔሬተሩ ከተነሣ ገና ነው።

ስኂን፦ ይበቃታል። በትንሽ ቤንዚን ሩቅ ትሄዳለች ብለህ ነው ያን ቀን ያቆምከኝ። አስመልሰው።

ደምሰው፦ ሙዚቃው ድንገት ቢቆም ሕዝቡ ምን ይላል?

ስኂን፦ የፈለገውን ይበል!

ደምሰው፦ ሲጮኹ ሰምቼዎት አላውቅም።

ስኂን፦ እኔም ራሴን ሰምቼው አላውቅም። ቤንዚኑን አስመልስ ደምሰው። ለምኜህ ነው። ሰው ለምኜ አላውቅም፤ እንዴት እንደሚለመንም አላውቅበትም። ብንበረከክ ይሻላል? እንዲያ ከሆነ ንገረኝ፣ እንበረከካለሁ።

ደምሰው፦ ኧረ በእግዚአብሔር! ቀና ይበሉ! ቀና ይበሉ እትዬ፣ እኔ ልንበርከክልዎት… አንተ ኮንስታብል! በመስኮት ነው፣ ወደዚህ እይ! ጄኔሬተሩን አጥፋው! አዎ፣ አጥፋው! ጀሪካኑን ወደ መኪናዋ መልስ! የቷ መኪና ይለኛል እንዴ? ስንት መኪና አለችን? ሳታፈስ! ጠብታ እንዳትፈስ!

ስኂን፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ደምሰው፦ ገና አያመስግኑኝ። ማን ይነዳታል? ሳጅን ሙላት እንግዳውን ሊያመጣ ወርዷል። ማርሿ እንደሌሎቹ አይደለም፤ ከሙላትና ከኔ በቀር ነድቷት የሚያውቅ የለም።

ስኂን፦ እንግዲያው አንተ ነሃ።

ደምሰው፦ እኔ ከወጣሁ እንግዳው ባዶ ግቢ ነው የሚገቡት። መኪና የለም፣ አዛዥ የለም፣ ሙዚቃ የለም። ምክትሌም አጀቡ ውስጥ ነው። እዚህ ያሉት ሦስት ኮንስታብሎች አለቃ ሲያዩ የገዛ ስማቸው ይጠፋባቸዋል። «አዛዡስ?» ሲሉ፣ «የሚመረቀውን መኪና ይዞ ሄደ» ነው መልሱ። የሚያስረዳቸው ሰው ከሌለ፣ በቃ፣ ነፍስ ለማዳን መሄዴ ሳይሆን ያ ነው ተጽፎ የሚቀረው። ቆሞ የሚናገርልኝ አንድ ሰው ቢኖር…

ስኂን፦ ደምሰው።

ደምሰው፦ እውነቱን ልንገርዎት? ፈራሁ። ሌባ ሳሳድድ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ስኂን፦ እኔም ፈርቻለሁ። ከትናንት ጀምሮ… ስማ። የምን ጫጫታ ነው?

ደምሰው፦ በሩ ጋ ነው። ሰዎች… ቃሬዛ ይዘዋል። ሲስተር ወርቄ ከፊት ናት።

ስኂን፦ ዓይኗ ተገልጧል? እኔ ማየት አልቻልኩም፣ አንተ እይልኝ። ዓይኗ ተገልጧል?

ደምሰው፦ ተገልጧል። እጇንም አንቀሳቀሰች። ከንፈሯ ግን… ነጭ ሆኗል እትዬ።

ስኂን፦ ቁልፉን አንሣ።

ደምሰው፦ ይዣለሁ። ወንበሩን ካጠፍነው ቃሬዛው ልክ ይገባል። ከጎኑ ሁለት ሰው ነው የሚይዘው። ሲስተርና እርስዎ።

ስኂን፦ ሲስተርና ጎረቤቴ እንግዳወርቅ። ደሟ ከረድኤት ደም ጋር አንድ ነው፤ ሆስፒታሉ ደም ላይኖረው ይችላል። የኔ አይሆናትም፤ ድሮ አስመርምረነዋል። የአባቷን ነው የወሰደችው።

ደምሰው፦ እሺ፣ እርስዎ ከኔ ጎን ጋቢና ይግቡ።

ስኂን፦ አልገባም።

ደምሰው፦ እንዴት አልገባም?

ስኂን፦ ቆሞ የሚናገር ሰው አልነበር የፈለግከው? እዚህ እቀራለሁ። ለእንግዳው የተከላችሁት ድንኳን ደጃፍ፣ አንተ የምትቆምበት ቦታ ላይ።

ደምሰው፦ እትዬ፣ ልጅዎ እኮ ናት! መንገድ ላይ ብትጠራዎትስ? ዳገቱ ላይ አንድ ነገር ቢ…

ስኂን፦ አትጨርሰው።

ደምሰው፦ ከጎኗ መሆን አለብዎት።

ስኂን፦ ከጎኗ ብሆን እጇን እይዛለሁ፣ አንተ ግን እዚህ ደረጃው ላይ ሰዓትህን እያየህ ትቆማለህ። እዚህ ብቀር አንተ ትነዳለህ። የቱ እንደሚበልጥ ለማወቅ ፊዚክስ አያስፈልግም። ሲስተርን ንገራት፤ ረድኤት ከጠየቀችኝ እናትሽ ከኋላ እየመጣች ነው ትበላት።

ደምሰው፦ ምን ይሏቸዋል? ለእንግዳው?

ስኂን፦ ሪባኑን ቁረጥና ውጣ ደምሰው። እንግዳውን እኔ እቀበላቸዋለሁ።