የሚጥመው የቱ ነው?

መሬት ለአራሹ በታወጀበት ዓመት፣ ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ነን። ከጎኔ አንድ ሽማግሌ በሁለት ጣሳ የቲማቲም ችግኝ ይዘዋል። ፊት ለፊታቸው የተቀመጠችው ሴት ችግኙን እያየች ጠየቀቻቸው።

“አባቴ፣ ይሸጣል?”

“አዎ። የዚህኛው ጣሳ ትልልቁን ያፈራል፣ የዚያኛው ትንንሹን።”

“የሚጥመው የቱ ነው?”

“ትልቁን ውሰጂ። አንዱ ፍሬ ለአንድ ድስት ይበቃል።”

“እኔ የጠየቅኹዎት የሚጥመውን ነው።”

“ወይ አንቺ! ካቻምና እኮ ቅጠል ቀቅለን ስንበላ ነበር። ዛሬ ጣዕም ታማርጫለሽ?”

“እኔማ የተገኘውን እበላለሁ። ለሴቷ ልጄ ነው።”

“ስንት ዓመቷ ነው?”

“ስድስት። በረሃቡ ጊዜ የሰጠኋትን ሁሉ ዝም ብላ ትውጥ ነበር፤ መራራውንም፣ የሻገተውንም። ረሃቡ ካለፈም በኋላ እንደዚያው ሆና ቀረች። ባለፈው እሑድ ግን ሽሮውን ገፋ አድርጋ፣ ‘እማ፣ ይሄ አይጥምም’ አለችኝ።”

“ተቆጣሻት?”

“ምን እቆጣታለሁ፣ እልል አልሁ እንጂ! ጎረቤቱ ሁሉ ማን ወለደ ብሎ መጣ።”

ሽማግሌው የትንንሹን ጣሳ እንዳለ ጭኗ ላይ አስቀመጡላት።

“ውርጭ እንዳይመታው ግድግዳ አስጠግተሽ ትከይው። ሲቀላ ጥሬውን በጨው ስጫት።”

“ይሄንንም አይጥምም ብትልስ?”

“አብሽሪ፣ ትበል! ሌላ አመጣላታለሁ።”

እኔ አፌ ውስጥ የነበረውን ቆሎ ሳልውጥ ብዙ አኘክሁት።