የማትቆየው እሳት

(ደብረ ብርሃን፤ ጠጋኙ ደጉ በእትዬ የሺመቤት መታጠቢያ ቤት ከጋዝ ውሃ ማሞቂያው ፊት ተንበርክኳል፤ ባለቤታቸው ጋሽ ወንድይራድ በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።)

የሺመቤት፦ እኔ የምልህ ሌላ ዕቃ ቀይርለት ነው። መለኮሻዋ ትንሽ እሳት ካልቆየች ማሞቂያው ምን ያደርግልኛል?

ደጉ፦ ምኑን ልቀይር፣ እትዬ? ባለፈው ሙቀት የምትለካዋን ሽቦ ቀየርኩ። ጋዝ የሚወጣበትን ቀዳዳ ጠረግኩ። ነፋስ ነው ሲሉኝ መስኮቱን በላስቲክ ደፈንኩ። አሁንም ይኸው፣ ለኮስኳት፤ ማዞሪያውን ለቀቅኩት፤ አልጠፋችም።

የሺመቤት፦ አንተ ስትኖር ታፍራለች። ስትሄድ ነው የምትጠፋው።

ደጉ፦ ሰው የምታፍር እሳት አላየሁም። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ብዬ፣ ሳልለኩሳት በፊት ጓሮ ዞሬ ነበር። የጋዝ ሲሊንደሩ ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ አገኘሁት።

የሺመቤት፦ እኔ ነኝ የዘጋሁት።

ደጉ፦ በዚህ በሚያምዎ እጅ? የጠርሙስ ክዳን እንኳ ሰው ነው የሚከፍትልዎ። ያን ለማላላት እኔም ታግያለሁ።

የሺመቤት፦ ድምፅህን ቀንስ። ይሰማሉ።

ደጉ፦ ጋሽ ወንድይራድ ናቸው?

የሺመቤት፦ ድሮም ሳይዘጉት አይተኙም። «አንቺ ትረሻለሽ» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። አሁን ከቁርስ በኋላ ይዘጋሉ፣ ከምሳ በኋላ ይዘጋሉ። መዝጋታቸውንም አያውቁት።

ደጉ፦ ታዲያ ለልጅዎ ይንገሯት እንጂ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ዛሬ ዘጉት፤ ነገ ከፍተው ቢተዉትስ?

የሺመቤት፦ ሰብለ ነገ ከአዲስ አበባ ትመጣለች። «አባባ መርሳት ከጀመረ እኔ ጋ ይኖራል» ብላለች። ማሞቂያው ነው የተበላሸው በልልኝ፣ ልጄ።

ደጉ፦ እርስዎም አብረው ቢሄዱስ?

የሺመቤት፦ አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት ነው። በሩን ያውቁታል፣ ወንበራቸውን ያውቁታል። ከዚህ ከወጡ እኔን በምን ያውቁኛል?

ደጉ፦ እሺ እትዬ፣ አያልቅሱ። ዕቃው አርጅቷል እላታለሁ። ቢያንስ እዚህ እስካሉ ድረስ ያውቁዎታል።

የሺመቤት፦ ተወው፤ አትዋሽልኝ። ትናንት ከጓሮ ሲመለሱ በሩ ላይ አገኘኋቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው አንቱ አሉኝ። «እመቤት፣ ሚስቴ ጋዝ መዝጋት ትረሳለች፤ ቤቱ እንዳይቃጠልባት ዘግቼላታለሁ። ስትመጣ ይንገሩልኝ» አሉኝ።