ኢሽራት በሂናው ምሽት ማንን አይታ እንደሳቀች

የምስክር ስም፦ ሙኒባ ተንቪር
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ፣ በሴቶች በኩል
አድራሻ፦ ባሃዋልፑር ከተማ፣ ከአሮጌው አትክልት ገበያ ጀርባ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ፌብሩዋሪ 21 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.
ቃሉን የተቀበሉት፦ ምክትል ኢንስፔክተር አልታፍ

ሻህዛይብ በተባለው ወጣት ላይ ስለደረሰው ድብደባ የማውቀውን እንድገልጽ ተጠርቼ፣ ማንም ሳያስገድደኝ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

እኔና የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ዋሲፍ በአንድ ሱቅ የሰርግ ቪዲዮ እንሠራለን። እሱ የወንዶቹን አዳራሽ ይቀርጻል፣ እኔ የሴቶቹን። በመሀል ግንብ ስላለ ፊልሙም ሁለት ነው፤ የሴቶቹን የሚያዩት ሴቶች ብቻ ናቸው። ሴቶች በእኔ ፊት ሻሻቸውን ጥለው የሚጨፍሩት ካሜራዬ ጥሩ ስለሆነ አይደለም። ካሜራዬ መካከለኛ ነው። የሚያምኑት አፌን ነው።

ባለፈው ወር የፈሪሃን ሰርግ ቀረጽን። ሐሙስ ማታ ሴቶቹ መዳፋቸውን ሂና የሚቀቡበት የሂናው ምሽት ነበር፣ ቅዳሜ ቀን ዋናው ሰርግ። በሚቀጥለው ሳምንት ዋሲፍ ሱቅ ውስጥ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የወንድሙ ሚስት ስለሆንኩ እንደ ደንቡ ባቢ ነው የሚለኝ።

«ባቢ፣ የእኔ ማይክ የወንዶቹን ሳል እንጂ ከበሮ አልያዘም። ካንቺ ድምፁን ብቻ ልውሰድ።»

«ምስሉንስ?»

«ምስሉን ዓይኔን ጨፍኜ አልፈዋለሁ።»

ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደግሁት ልጅ ስለሆነ የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል ነገርኩት።

በዚያው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት አንድ አጭር ፊልም በከተማው ስልኮች ሁሉ ላይ ሲዞር አየሁ። በፊልሙ የሙሽራው የአጎት ልጅ ሻህዛይብ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ይዞራል። ቀጥሎ የሙሽራዋ ታናሽ እህት ኢሽራት ወደ ቀኝ ዞራ ትስቃለች። ከዚያ እሱ ፈገግ ይላል። ከሥር የሴቶቹ ከበሮ ይመታል። ሁለቱ በሕይወታቸው ተያይተው አያውቁም። የእሱ ምስል በዋሲፍ ካሜራ፣ የእሷ በእኔ ካሜራ የተቀረጸ ሆኖ ሳለ፣ አንድ ላይ ሲገጣጠም ግን በአንድ ክፍል ተቀምጠው የሚጠቃቀሱ ነው የሚመስለው።

ኢሽራት ለጃዋድ የታጨች ናት። በዚያው ምሽት የጃዋድ ወንድሞች ሻህዛይብን መንገድ ላይ ጠብቀው ክንዱን ሰብረውታል። ድብደባውን በዓይኔ አላየሁም። ኢሽራት ግን ከኮሌጅ መቅረቷንና ስልኳን መቀማቷን፣ የጃዋድ ቤተሰብም እጮኝነቱን ለማፍረስ ሽማግሌ መሰብሰብ መጀመሩን እናቷ እያለቀሰች ነግራኛለች።

ዋሲፍን ስጠይቀው አልካደም።

«ባቢ፣ ያየው ሁሉ ሲኒማ ነው ያለው እኮ!»

«ግንቡስ፣ ዋሲፍ?»

«ግንብ በካሜራ አይታይም። ይልቅ የሁለቱን ካሜራ ቀለም ለማስማማት ስንት ለፍቻለሁ፤ እሱን ያመሰገነኝ የለም።»

አላመሰገንኩትም።

እሑድ ጠዋት ወደ ጃዋድ ቤት ሄጄ አጎቱን አነጋገርኩ። ፊልሙን ከፍቼ፣ በልጅቷ መዳፍ ላይ ሂናው ገና እርጥብ መሆኑን፣ በልጁ ራስ ላይ ያለው ጥምጥም ግን ለዋናው ሰርግ የታሰረው የቅዳሜው መሆኑን አሳየኋቸው። ከተማው በሙሉ ዓይን ለዓይን ሲያይ እጅና ራስ ያየ አልነበረም። አጎትየው መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው ተመለከቱና ተቀበሉኝ።

«እሺ ልጄ፣ ለእሱ አልሳቀችም። ለማን ሳቀች ታዲያ? ሐሙስ ሴቶቹ ዘንድ ወንድ ገብቶ ነበር ማለት ነው?»

ነገሩን ላቅልል ሄጄ አክብጄው ተነሳሁ።

ኢሽራት የሳቀችው ለጃዋድ እናት፣ ለወይዘሮ ታንዚላ ነው። ወይዘሮ ታንዚላ የሰፈሩን ሴቶች ሃይማኖት የሚያስተምሩ፣ በሰርግ ቤት ከበሮ ከተሰማ ግብዣውን ረግጠው በመውጣት የታወቁ ናቸው። በዚያ ምሽት ግን የሂናውን ትሪ ከነሻማው በራሳቸው ላይ አድርገው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ አንዱም ሻማ ሳይጠፋ አዳራሹን በጭፈራ ዞረዋል። እኔም ካሜራውን ይዤ ስቄአለሁ።

ስወጣ ወይዘሮ ታንዚላ እስከ በሩ ሸኙኝ። እዚያው ለመንኳቸው።

«እትዬ፣ አንድ ቃል ይበቃል። ለእኔ ነው የሳቀችው ይበሉ።»

«እኔ ምን አድርጌ ይሳቅብኛል?»

«ትሪው...»

«ትሪ የጣፋጭ ማቅረቢያ ነው፣ ልጄ። ሐሙስ ወገቤን አሞኝ ተቀምጬ ነው ያመሸሁት።»

«እትዬ፣ ምራትዎ እኮ ናት! ልጅቷ ልትጠፋ ነው።»

«አላህ ያውቅላታል። አንቺም አታወሪም፤ እንጀራሽ ነው።»

በሩን ቀስ ብለው፣ በጨዋ ደንብ ዘጉት። የዋሲፍ ነገር አንገብግቦኝ ነበር፤ ከእሳቸው ግን የከፋኝ አፌን ማመናቸው ነው።

መርማሪው የካሜራዬን ሚሞሪ እንዳስረክብ ጠይቀውኝ አልተቀበልኩም። በውስጡ ሻሻቸውን ጥለው የታዩ ብዙ ሴቶች አሉ፤ የጣቢያው ብቸኛ ሴት ፖሊስ ደግሞ በወሊድ ፈቃድ ላይ መሆኗ ተነግሮኛል። ስለዚህ የሌሎቹን ምስል ሳልሰጥ የአንዷን ስም ሰጥቻለሁ። ከዛሬ በኋላ በዚህ ከተማ አንድም የሴቶች አዳራሽ እንደማይከፈትልኝ አውቃለሁ።

ቃሌ ከተጻፈ በኋላ ሲነበብልኝ፣ መርማሪው ለወይዘሮ ታንዚላ ክብር ሲሉ «አንዲት እንግዳ» ብለው መጻፋቸውን ሰምቼ አሰርዣለሁ። በተሰረዘበት ቦታ ሁሉ «የጃዋድ እናት ታንዚላ» ተብሎ እንዲገባ አድርጌ፣ በእያንዳንዱ ስርዝ ጎን ፈርሜያለሁ። የተናገርኩት ያየሁትንና የቀረጽኩትን ብቻ ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ ልጠየቅ።

የምስክር ፊርማ፦ ሙኒባ ተንቪር
የመርማሪው ፊርማ፦ አልታፍ፣ ምክትል ኢንስፔክተር