«የገብሬ ነው» የተባለው ወንበር

እትዬ ሙሉወርቅ፣ እርስዎ ወደዚህ ወጥ ቤት በገቡበት ቀን እኔ ገና አልተወለድኩም ነበር። ስለዚህ የምናገረው ከሥራ ጓደኛዎ ከጋሽ ገብረሂወት የሰማሁትን ነው፤ ውሸት ከሆነ እሳቸውን ይቆጧቸው።

ዐቢይ ጾም ነበር አሉ። የዚያን ጊዜው ሼፍ የስጋ ስጎ በማንኪያ ጨልፎ «ቅመሺና ንገሪኝ» ይልዎታል። እርስዎ አፍንጫዎን ጠጋ፣ ዓይንዎን ጨፈን አድርገው፣ «ጨው ይቀረዋል!» አሉት።

«አልቀመስሽውም እኮ!»

«ሸተተኝ!»

ሰውዬው ቀመሰ፣ ጨው ጨመረ። ጋሽ ገብረሂወት ግን «ሙሉ ምንም አልሸተታትም፤ ገምታ ነው» ይላሉ።

ይሳቁ እንጂ! ጀርመኖቹ ለሽኝትዎ ኬካቸውን ቆርጠው፣ አበባቸውን ሰጥተው፣ በሰዓታቸው ሄደዋል። አሁን እኛው ብቻ ነን፤ እንደልባችን እንማዎት። አለቃውን ሳይቀር «የኔ ልጅ» የሚሉትን እንተወው። ቱርኩ ሳህን አጣቢያችን እንኳ ትርጉሙን ሳያውቅ የእመቤታችንን መዝሙር እያፏጨ ድስት የሚፈትገው በማን ጥፋት ነው?

አለቃችንን ሄር ብራንትን ያስደነገጡበትንማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እትዬ ሊቆርቡ ሲሉ አብሯቸው የሚሠራውን ሁሉ እየዞሩ ይቅርታ ይጠይቃሉ። አለቃም ሰው ነውና ቢሮው ገቡ።

«የበደልኩዎት ነገር ካለ ይቅር ይበሉኝ።»

«ምን አደረጉ?»

«እኔ እንጃ።»

«የተበላሸ ነገር አለ?»

ሰውዬው እየሮጠ ወርዶ ማቀዝቀዣዎቹን አንድ በአንድ ከፈተ። ምንም ሲያጣ ጊዜ ከሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ጋር ቴርሚን፣ ቀጠሮ መሆኑ ነው፣ ያዘልዎት! በዓመቱ ግን ራሱ በር ላይ ቆሞ «ፍራው ሙሉወርቅ፣ ዘንድሮ እኔን ዘለሉኝ እንዴ?» አለ።

እሺ፤ አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልግባ።

ዲግሪዬን ይዤ እዚህ የወጥ ቤቱ ዕቅድ ክፍል የገባሁ ሰሞን፣ በምሳ እረፍት ላይ አንድ ትልቅ ሐሳብ ዘረገፍኩልዎት። የወጣቶች ጉባኤ፣ የቴሌግራም ቻናል፣ በየስደተኛ ካምፑ መሄድ፣ ምን ያልጨመርኩት ነበር? «በዚህ ዘመን የክርስቶስ ደቀ መዝሙር መሆን ማለት ይሄ ነው!» አልኩ። ድንችዎን እየላጡ እስክጨርስ ሰሙኝና፣ «ጥሩ ነው የኔ ልጅ። ለመሆኑ ገብሬ ምሳውን የት ነው የሚበላው?» አሉኝ።

አላውቅም ነበር። በኋላ ነው የሰማሁት። ይህን በሰው ፊት እንድናገር ሁለታችሁም ፈቅዳችሁልኛል፤ ጋሽ ገብረሂወት እንዲያውም «እንዳታሳምሪው» ብለውኛል።

አገር ቤት ጦርነቱ በተነሳ ጊዜ፣ በዚሁ የምሳ ጠረጴዛ ላይ፣ ጋሽ ገብረሂወት «የእናቴ ስልክ አሁንም አይሠራም» አሉ። እርስዎ ደግሞ የወንድምዎ ልጅ ዘምቶ ድምፁ ጠፍቶብዎት ነበር። «ታዲያ ማን ጀምሩ አላችሁ?» አሏቸው። ጋሽ ገብረሂወት ማንኪያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ፣ በሰው ጫማ መሃል፣ ለብቻቸው ይበሉ ጀመር።

በማግስቱ እርስዎ ወደ እሳቸው ሄዱ። «ገብሬ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር።»

«አልችልም ሙሉ።»

«እሺ። እጠብቃለሁ።»

መቁረብዎንም ተዉ። እኔ ችኩሏ ምን አልኩ? «እትዬ፣ ይቅርታ ጠይቀዋል እኮ! የእርስዎ ድርሻ አልቋል!»

«መጠየቁማ ለእኔ ቀለለኝ» አሉኝ። «እሱ ግን ዛሬም ጫማ መሃል ነው የሚበላው።»

አልነዘነዟቸውም፤ አማላጅም አላኩባቸውም። አንዲት ወንበር ብቻ ጠበቁ። አዲስ ሠራተኛ ሊቀመጥባት ሲል «የገብሬ ነው» ይሉታል። እኔንም አንድ ቀን ሳህኔን እንደያዝኩ አስነስተውኛል። ያኔ እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር፤ የማይመጣ ሰው ወንበር ምን ያደርጋል ብዬ።

ከዚያ የጋሽ ገብረሂወት እናት መርዶ መጣ። ድስትዎን በነጠላ አስረው፣ እኔን አስከትለው፣ በአውቶቡስ ወደ ሰፈራቸው ጻይልስሃይም ወረድን። ጋሽ ገብረሂወት በሩን ከፍተው ሲያዩዎት እጀታውን እንደያዙ ቆሙ። እኔ የሚዘጉት መስሎኝ ነበር። «ግቢ፤ ብርድ ነው» አሉ። ገቡ። እርስዎም ስለ ጦርነቱ አንድም ቃል ሳይናገሩ የእናታቸውን ስም እየጠሩ አለቀሱ።

ከሐዘን ተመልሰው ሥራ የገቡ ዕለት ጋሽ ገብረሂወት ሳህናቸውን ይዘው ጠረጴዛው አጠገብ ቆሙ። ሁላችንም መብላት አቆምን።

«ሰው አለበት?»

«የለበትም» አሉና ወንበሩን ሳቡላቸው። በዚያው ሳምንት እሑድ ቆረቡ።

አንድ ቀን ጋሽ ገብረሂወትን «ይቅር አሏቸው ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አንዳንድ ቀን አዎ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ገና» አሉኝ። ለእርስዎ ስነግርዎት «አውቃለሁ፤ ‹ገና› ያለ ቀን ፊቱ ያስታውቃል» ብለው ወደ ሥራዎ ተመለሱ።

እትዬ፣ እኔ ዛሬም ችኩል ነኝ፤ ጉባኤውንም አልተውኩትም። ግን ጓደኞቼ በዚህ ዘመን የጌታ ተከታይ መሆን ምን ማለት ነው ብለው ሲከራከሩ፣ ስብከት አይመጣልኝም። ያጠፋ፣ ማጥፋቱን ያልሸፋፈነ፣ የበደለው ሰው በራሱ ጊዜ እስኪመለስ ቦታውን ለሌላ ያልሰጠ ሰው ነው የሚታየኝ። ከሰኞ ጀምሮ እርስዎ የሉም። የአገር ቤት ወሬ ደግሞ አላለቀም፤ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ገና ብዙ ክፉ ቃል ሊወጣ ይችላል። እኛ እንዴት እንደምንሆን አላውቅም። ሲደረግ ግን አይተናል፤ አላየንም አንልም። ስላሳዩን እግዚአብሔር ይስጥልን።

እስቲ ብርጭቆ እናንሳ። ጉልበትዎ ይጽና። ሬንተዎ፣ የጡረታ ገንዘብዎ፣ ሳይሰናከል ይግባ። የልጅ ልጆችዎ በአማርኛ ሲጠይቋቸው በአማርኛ ይመልሱልዎት። ጋሽ ገብረሂወት፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ እርስዎ ያጋጩላቸው። ዛሬም «ገና» የሚሉበት ቀን ከሆነ ይንገሯቸው፤ አይቀየሙዎትም።

ለጤናዎ፣ እትዬ!