«ወላጅ ያርማል» የሚለው ወረቀት

አባቴ፣ አላህ ይማራቸውና፣ «የማታደርገውን አትፈርም» እያሉ ነው ያሳደጉኝ። ልጄ ሰባተኛ ክፍል ስትገባ፣ ፈላና በር ገበያ ሽንኩርት ወደምሸጥበት መጥታ የሒሳብ አስተማሪዋ የሰጣትን ወረቀት አነበበችልኝ። ተማሪው የቤት ሥራውን በየቀኑ ይሠራል፣ ወላጅ ደግሞ ያርማል ይላል።

«ዝም ብለህ ፈርም አባዬ፣ ማን ያይሃል? ካልፈረምክ ክፍል አያስገቡኝም» አለችኝ።

የሚያይማ አለ። ከሁለተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ምኑን ነው የማርመው? ዙህር ሰግጄ ትምህርት ቤት ሄድኩ። አስተማሪው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ አይቼው የማላውቅ ወጣት ነው። እውነቱን ነገርኩት። ወረቀቱን ተቀበለኝና «ያርማል» የሚለውን ሰረዘው።

«አባባ፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ይስሟት፣ እሷ ታስረዳዎት። እርስዎ ካልገባዎት እሷም አልገባትም ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ወደ እኔ ይላኳት።»