«እቤታችሁ ማን ማን ይኖራል?»

በኛ ጊዜ አስተማሪ ስለ ቤትሽ አይጠይቅሽም ነበር። ሀ ሁ ሂ በይ፣ ጥፍርሽን አሳዪ፣ አለቀ። ጥፍርሽ ካደገ መዳፍሽን በማስመሪያ፣ ካላደገ ተቀመጪ ነው። እቤት ማን ጮኸብሽ፣ ከማን ጋር ተኛሽ የሚል አስተማሪ እኔ አላየሁም። አንቺ አይተሻል? አንቺማ እዚሁ ካናዳ ነው የተወለድሽው፣ ምን ታውቂያለሽ።

ታዲያ አንድ ቀን ጠየቁ። በደርግ ጊዜ ነው እንግዲህ። እኔ አስራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ትንሿ እህቴ ውብዓለም ደግሞ ሁለተኛ ክፍል። ከቀበሌ የመጣ አንድ ሰውዬ ክፍላቸው ገባና፣ ደግሞ እንዴት ያለ ለስላሳ ሰው መሰለሽ፣ ድምፁ ማር፣ «ልጆች፣ ሰሞኑን እቤቱ እንግዳ የመጣበት ማነው?» አላቸው። እህቴ እጇን አወጣች። ምን ታድርግ፣ ልጅ የሚያውቀውን ሲጠይቁት እጁን ያወጣል። «ወንድሜ መጥቷል፣ ጓዳ ነው የሚተኛው» አለች። በዚያው ሳምንት ወሰዱት፣ በዚያው ቀረ። እሷም ከዚያ ወዲህ ሰው «ደህና ነሽ?» ሲላት እንኳ መልሷ «እኔ እንጃ» ሆነ። እድሜ ልኳን እኔ እንጃ እንዳለች ሞተች።

ታዲያ ይሄንን ይዤ ነው ካናዳ የመጣሁት። ልጄ ህሊና ነርስ ናት፣ ሺፍቷ ይለዋወጣል፣ እና ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚባል ሰፈር እነሱ ጋር እየኖርኩ የልጅ ልጄን ሶልያናን ትምህርት ቤት የማመላልሳት እኔ ነኝ። ግሬድ ዋን ናት። ስድስት ዓመቷ።

መጀመሪያ ምንም አላልኩም። ባቄላ በፕላስቲክ ኩባያ ተክላ መጣች፣ ጥሩ። እንጨት እየደረደረች መደመር ተማረች፣ ጥሩ። ቀጥሎ የፊት ስዕል ይዛ መጣች፣ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ተቆጥቷል። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አልኳት። «ጠዋት ጠዋት የቱን እንደሆንን ለሚስ እናሳያታለን። እኔ ዛሬ ሳድ ነበርኩ፣ የሚያለቅሰው።» «ለምን ብላ ጠየቀችሽ?» «የስ።» «ምን አልሻት?» «አያቴ ጮኸችብኝ አልኳት።» በስመአብ! እኔ እኮ ጫማሽን ቶሎ አድርጊ ነው ያልኩት፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠን! ያቺ ሚስ ይሄኔ ጽፋ ይዛዋለች አልኩ በሆዴ። ጠርጥር፣ ከገንፎ መሀል አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ?

እና በሳምንቱ ወረቀት መጣ። ቤት ተስሎበታል፣ መስኮት መስኮት አለው። «ምን ይላል?» አልኳት። «እቤታችሁ ማን ማን ይኖራል ይላል። መስኮቱ ላይ ድሮው አደርጋለሁ፣ ሁሉንም እስላቸዋለሁ።» ክው አልኩ። ስገለብጠው ደግሞ ምን አለ መሰለሽ? ካርታ! ከቤት እስከ ትምህርት ቤት ያለውን መንገድ ሳሉ ተብለዋል። እሷም ምኗ ሞኝ፣ ህንጻውን ስላለች፣ ኤለቬተሩን ስላለች፣ ፎቃችንን አስራ አንድ ብላ ጽፋለች፣ የኛን በር ሳይቀር ስላለች! «አይ ሶልዬ፣ እጄን ይዘሽ ብታስረክቢኝ አይሻልም?» አልኳት።

ታዲያ አስቀመጥኳት። «ስሚ፣ ስለ ቤት ከጠየቁሽ አላውቅም በይ።» «ሚስ ናት እኮ።» «ሚስም ብትሆን!» «ለምን?» ለምን ይሉኛል እነዚህ የካናዳ ልጆች! እና እኔ ነፈዟ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ከተናገርሽ መጥተው እኔን ይወስዱኛል» አልኳት። ወረቀቱን አጣጥፌ ፍራሽ ስር ከተትኩት፣ እና ተገላገልኩ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ትምህርት ቤቱ ህሊናን ኮል አደረገ። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ አመድ መስሏል። «እማዬ፣ ልጅቷ ጥያቄ መመለስ አቁማለች አሉኝ። ስምሽ ማነው ሲሏት አላውቅም፣ ይሄ ምን ቀለም ነው ሲሏት አላውቅም፣ ሁለትና ሁለት ስንት ነው ሲሏት አላውቅም። አእምሮዋ ይመርመር፣ አሴስመንት ይሰራላት፣ ምናልባት ለብቻ የሚማሩበት ክፍል ትገባ ይሆናል አሉ» አለችኝና ማልቀስ ጀመረች። ሶልያና! እሁድ የሰማችውን መዝሙር ሳምንቱን ሙሉ የምትደግም ልጅ!

ምን ልበላት? ብናገር ህሊና ታብዳለች፣ ዝም ብል ልጅቷ አእምሮዋ አይሰራም ተብላ መዝገብ ላይ ልትሰፍር ነው። «እኔም እሄዳለሁ» አልኩ።

ሄድን። ወንበራቸው እኮ የልጅ ነው፣ ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ሚስ ወጣት ናት፣ ለስላሳ። ልስላሴዋን ሳይ ጭራሽ ፈራሁ። እስክሪብቶዋን አነሳችና በእንግሊዝኛ ስምዎ ማነው አለችኝ። እኔ ምን ብላት ጥሩ ነው? «አይ ዶንት ኖው!» ወላዲት ትመስክር፣ ከአፌ አመለጠኝ። ህሊና ዞራ አየችኝ፣ ልጅቷን አየች፣ እንደገና እኔን አየች። «እማዬ፣ ምን ብለሽ ነው የነገርሻት?»

ያኔ ሁሉንም አወጣሁት። የእህቴን፣ የወንድሜን። ህሊና እኮ ወንድም እንደነበረኝ እንኳ አታውቅም፣ ለሷም አልነገርኳትማ! እያለቀሰች ለሚስ ተረጎመችላት። ሚስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ለልጅቷ መናገር እንደምትችል ራስዎ ይንገሯት አለችኝ።

ሶልያና ጥግ ላይ እንጨት ትደረድራለች። ጠራኋት። «ነይ ሶልዬ፣ ንገሪያት እስቲ፣ እቤታችን ማን ማን ይኖራል?» ሚስን አየች፣ በሩን አየች፣ ጆሮዬ ስር ገባችና «አልናገርም፣ ይወስዱሻል» አለችኝ። እጄን በሁለት እጇ ጥፍንግ አድርጋ ይዛለች። «ሁለትና ሁለትስ ምን አደረገሽ ልጄ?» አልኳት። «የትኛው ጥያቄ ስለ ቤት እንደሆነ አላወቅኩም፣ ስለዚህ ለሁሉም አላውቅም አልኩ።» ይታይሽ! ሦስት ሳምንት ሙሉ ያቺ ፍሬ የምታህል ልጅ እኔን ስትጠብቅ ነው የዋለችው።

በኛ ቤት ትልቅ ሰው ልጅን ይቅርታ አይጠይቅም። እኔ ግን ጠየቅኳት። ከዚያ ለሚስ ጮክ ብዬ «ስሜ በላይነሽ ነው፣ አስራ አንደኛ ፎቅ ነው የምኖረው» አልኩ። ልጅቷ በሩን ስታይ ቆየች። ማንም አልመጣም። በመጨረሻ ቀስ ብላ፣ «እኔም እዛ ነው የምኖረው» አለች። አሴስመንቱም በዚያው ቀረ።

«ታዲያ አሁን አመኗቸው፣ እትዬ በላይነሽ?»

ማንን? ሙች፣ አላመንኩም! ያን ሁሉ የልጆች ስዕል ሰብስበው የት እንደሚያደርሱት ማን ነገረኝ? ምን ትስቂያለሽ? እጠረጥራለሁ፣ እስክሞት እጠረጥራለሁ፤ እኔ ጡረታ ላይ ነኝ፣ ቀኑን ሙሉ ስራ የለኝም። ልጅቷ ግን ስራ አላት፣ ትማር።